ዓለም ከጠፋ በኋላ ያለ ጉርብትና

በጁን 2025፣ የኢራን ሚሳይሎች ይወነጨፉ በነበሩባቸው በእነዚያ 12 ቀናት፣ እኛም እንደ ብዙዎቹ የኪርያት ሞሼ ነዋሪዎች ሌሊቱን ያሳለፍነው በሚክላት ውስጥ፣ ማለትም በሕንፃው ሥር በሚገኘው የጋራ መጠለያ ውስጥ ነበር። አሮጌ ሕንፃዎች በየቤቱ የተጠናከረ ክፍል፣ ማማድ የሚባለው፣ ስለሌላቸው የማስጠንቀቂያው ጩኸት በተሰማ ቁጥር ሁሉም ከየፎቁ እየተጣደፈ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ይወርዳል። የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም በተመታበት ሌሊት፣ ግድግዳው ተንቀጥቅጦ ጸጥታ ከሆነ በኋላ፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ዙሪያዋን ተመለከተችና ለወንድሟ በዕብራይስጥ «ልክ እንደ ባንከሩ ሆነናል፤ የጎደለችን ኦክታቪያ ብቻ ናት» አለችው። ልጆቹ ሳቁ። አያቷ ግን «ኦክታቪያ ማን ናት? ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ናት?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም።

ኦክታቪያ ጎረቤታችን አይደለችም። «ዘ ሀንድረድ» በተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች ገጸ ባሕርይ ናት፤ እኛ ድራማውን በአማርኛ «መቶዎቹ» እንበለው። በካስ ሞርጋን ልቦለዶች ላይ ተመሥርቶ በጄሰን ሮተንበርግ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከማርች 2014 እስከ ሴፕቴምበር 2020 በሰባት ምዕራፍ 100 ክፍሎች ታይተውለታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱን ምዕራፍ ልጆቹ በዕብራይስጥ «ኦና» ይሉታል። ለአማርኛ ጆሮ ሰው የለቀቀው ቤት መስሎ ይሰማል፤ ለዚህ ድራማ ግን ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ከመጠለያው ከወጣን በኋላ ባሉት ወራት ድራማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው፤ ግማሹን ብቻችንን፣ ግማሹን ከሁለት ቤተሰቦች ጋር፣ ቡና እየተፈላ፣ ልጆቹ ለእናቶቻቸውና ለአያቶቻቸው እየተረጎሙ። የፊልም ትችት መጻፍ ሙያችን አይደለም። በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማርነው የማኅበራዊ ሥራ ነው፤ በየቀኑ የምንሰማውም የጎረቤት ጠብ፣ የኪራይ ውል፣ የልጅና የወላጅ አለመግባባት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድራማ ይዞት የመጣው ጥያቄ ከእኛ ሥራ እምብዛም አይርቅም። እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎች ለሁሉም በማትበቃ አንዲት ቤት ውስጥ እንዴት አድርገው አብረው ይኖራሉ? ጥያቄውን በሚገባ ይጠይቃል። መልሱ ላይ ሲደርስ ግን፣ በኛ አስተያየት፣ በሞከረ ቁጥር ይቸኩላል፤ ሥራው ከሚጀመርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ካሜራውን ወደ ሰይፍ ያዞራል። በዚህ ጋዜጣ የዕብራይስጥ ገጽ ላይ ልጆቻችሁ ይህንኑ ጽሑፍ ያገኙታልና፣ የማይስማሙበት ነገር ቢኖር ቤት ውስጥ ይከራከሩበት።

ላላዩት ወላጆች ታሪኩን በአጭሩ እንንገር። በኒውክሌር ጦርነት ምድር ከተቃጠለች 97 ዓመት ሆኗታል። የተረፉት ሰዎች በጠፈር ላይ በተገጣጠመ ትልቅ ጣቢያ ውስጥ ይኖራሉ፤ ስሙ አርክ ነው፣ የኖኅ መርከብ እንደ ማለት። የሚተነፍሱት አየር እያለቀ ሲመጣ ባለ ሥልጣኖቹ ጥፋተኞች ተብለው የታሰሩ 100 ወጣቶችን ወደ ምድር ይልካሉ፤ ልጆቹ ከሞቱ ምድር ለኑሮ አትመችም ማለት ነው፣ ከኖሩ ሌላው ይከተላል። ባዶ ናት የተባለችው ምድር ግን ባዶ ሆና አልተገኘችም። የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው ሕግ፣ የራሳቸው ቂም ያላቸው 12 ነገዶች ይኖሩባታል። ለእነዚህ ሰዎች ከሰማይ የወረዱት ልጆች ስደተኞችም ተመላሾችም አይደሉም፤ ወራሪዎች ናቸው። በጠፈር ተወልዶ ስለ አረንጓዴዋ ምድር ከአያቱ እየሰማ ላደገው ልጅ ደግሞ ምድር የአባቶቹ ቤት ናት። ስለ ኢየሩሳሌም እየሰማ በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገውም።

አንዲት እናት የመጀመሪያውን ክፍል ስታይ «ልጆቹን ለብቻቸው ላኳቸው?» እያለች ደጋግማ ጠየቀች። እሷ ራሷ በ1991 በልጅነቷ መጥታ በፕኒሚያ፣ ማለትም በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ናት። እንደሚታወቀው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ ከመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ገብተዋል። ልጅ ቋንቋውን ቀድሞ ተማረ፤ አባት የልጁ ምላስ ጥገኛ ሆነ። በባንክ፣ በሐኪም ቤት፣ በቢቱሕ ሌኡሚ ቢሮ የሚናገረው ልጅ ነው፤ ማታ ደግሞ ያው ልጅ «ዝም በል፣ ታላቅ ሲናገር አትግባ» ይባላል። በድራማው ወላጆቹ ዘግይተው ወደ ምድር ሲወርዱ የሚያገኟቸው ልጆች ጓደኞቻቸውን የቀበሩ፣ ሕግ ያወጡ፣ ጠላት የገጠሙ ናቸው። ሐኪሟ እናት አቢ «ከእንግዲህ እኛ እንመራለን» ስትል ልጇ ክላርክ የምታያት አስተያየት አለ፤ እኛ ያንን አስተያየት በብዙ ቤት አይተነዋል። ይህን ክፍል ማንም ወላጅ ከልጁ ጋር ቢያየው አይጎዳም።

የቋንቋውም ነገር በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። የምድሮቹን ሰዎች ቋንቋ የፈጠረው ለሌሎች ታዋቂ ድራማዎችም ቋንቋ የሠራው ዴቪድ ጄ. ፒተርሰን ነው። ቋንቋው ከእንግሊዝኛ የተወለደ ነው፤ በ97 ዓመት ውስጥ ተሰባብሮና ተለውጦ ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ሁለቱ ባላጋራዎች የሚናገሩት የአንዲት እናት ቋንቋ ሁለት ልጆችን ነው፤ ግን አይሰማሙም፣ «የኛ ወገን ነው» ብሎ የሚገምትም የለም። እኛም ለዚህ ሩቅ አይደለንም። ለብዙ ዘመን ተለያይተን ከኖርነው ወገኖቻችን ጋር በዚህ አገር ስንገናኝ በሁለቱም በኩል የተነሣው ጥያቄ «እውነት ይሄ የኛ ነው?» የሚል ነበር። በ1985 ቤተ እስራኤል ለአንድ ወር ያህል በኢየሩሳሌም ከዋናው ረቢነት ፊት ለፊት የተቀመጡት ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ደም ነው፤ ስለዚህ ማለፍ አልቻልንም። በተራራ ውስጥ ታጥረው የሚኖሩ፣ ጨዋና የተማሩ፣ ሥዕልና ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ የውጭውን አየር ሰውነታቸው ስለማይችለው የምድሮቹን ሰዎች እየያዙ ደማቸውን በመቅዳት ይኖራሉ። የእኛ ማኅበረሰብ ሰው ይህን ሲያይ ጃንዋሪ 1996ን ማስታወሱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በምሥጢር ይደፋ እንደ ነበር ተሰማ፤ በጃንዋሪ 28 ቀንም ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሰልፍ ወጣ። የድራማው ሰዎች ደሙን በግድ ይወስዱታል፤ የኛ ሰዎች በፈቃዳቸው የሰጡት ተደፋ። አብራን ታይ የነበረችው ያቺው የ14 ዓመት ልጅ ስለ 1996 ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም ነበር። እናቷ በዚያ ምሽት ነገረቻት፤ የዚያን ዕለት ከዚያ በላይ አላየንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አብሮ ለመኖር የመጀመሪያውን ሙከራ የምታደርገው ሌክሳ ናት። ሌክሳ የ12ቱ ነገዶች አዛዥ ናት፤ በዕድሜ ገና ወጣት፣ በአነጋገሯ ግን የአገር ሽማግሌ። ከሰማይ የመጡትን 13ኛ ነገድ አድርጋ ትቀበላቸዋለች፤ ደም በደም ይመለሳል የሚለውንም የቆየ ሕግ ታስቀራለች። አገር ቤት ሽማግሌ ገብቶ ደም የሚደርቀው ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ መሐላ ተፈጽሞ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ሌክሳ በአንድ ቀን በአንድ ቃል ስታደርገው ሲያይ ያዝናል። የተፈራውም ይደርሳል። ከሰማይ የመጡት ሰዎች በምርጫ፣ አዎን በድምፅ ብልጫ፣ ፓይክ የተባለውን ጨካኝ ሰው መሪ ያደርጋሉ፤ እሱና ተከታዮቹ ሊጠብቋቸው ተልከው በአጠገባቸው የሰፈሩትን 300 ተዋጊዎች ይፈጃሉ። ሌክሳ ያን ሁሉ ትታገሣለች። በኋላ ግን ለሌላ ሰው በተተኮሰ ጥይት ትሞታለች፤ ሰላሙም አብሯት ይቀበራል። በአንድ ሰው አንገት ላይ የታሰረ ክታብ ነበርና።

ሁለተኛው ሙከራ ባንከሩ ነው፤ ልጆቹ በመጠለያው ውስጥ ያስታወሱት ይኸው ነው። ምድርን ዳግመኛ የሚያቃጥል ማዕበል ይመጣል፤ ከሥሩ የሚያስጠልለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የሚበቃውም ለ1,200 ሰው ያህል ነው። ነገዶቹ አንድ አንድ ተዋጊ አውጥተው ያሸነፈው ወገን መጠለያውን ይውሰድ ይላሉ። የምታሸንፈው ኦክታቪያ ናት። ይህች ልጅ በአርክ ላይ ከአንድ ልጅ በላይ መውለድ ክልክል ስለ ነበር እናቷ ለ16 ዓመት ከወለል ሥር ደብቃ ያሳደገቻት ናት፤ በገዛ ወገኖቿ መካከል ስፍራ ያልነበራት፣ የምድሮቹን ቋንቋ ቀድማ የተማረች። ካሸነፈች በኋላ መጠለያው የሁሉም ነው፣ ለእያንዳንዱ ነገድ 100 ቦታ ይሰጥ ትላለች። ከቤተሰቦቹ ጋር ስናይ በዚህ ቦታ ላይ ያጨበጨቡ ነበሩ። እኛም አጨብጭበናል።

ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ ስድስት ዓመት ያልፋል። ሲከፈት የምናያት ኦክታቪያ ሌላ ናት። ሁሉም የነገድ ስሙን ጥሎ «ዎንክሩ»፣ አንድ ሕዝብ፣ መባል አለበት፤ ያልሆነ ጠላት ነው። ጥፋት የሠራ ሁሉ በአደባባይ እስከ ሞት ይታገላል። የእህል ሰብል በጠፋበት ዓመት የሆነውን በዚህ ጋዜጣ ላይ አንዘረዝረውም፤ ሕዝቡ በግድ አንድ ማዕድ ቀርቦለት፣ አልበላም ያለው በጥይት እንደ ተመታ ብቻ እንናገር። በኛ አመለካከት ይህ የድራማው ከሁሉ የሚበልጥ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም መጠለያውን ለሁሉ ያካፈለችውና የገደለችው አንዲት ሴት መሆኗን አይደብቅም። ስፍራ መስጠትን ታውቃለች። ሰው በተሰጠው ስፍራ ላይ የራሱን ስም ይዞ እንዲቀመጥ መፍቀድ ግን አልቻለችም።

ይህ ለእኛ ተረት አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የመጡ ብዙ ልጆች በመግቢያው ወይም በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ማታ በእናቷ አፍ እናትነሽ የምትባል ልጅ ጠዋት በክፍል መዝገብ ኦስናት ነበረች። ያደረጉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አንድ ሕዝብ ለመፍጠር የቸኮሉ ነበሩ። ስግድ በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው በ2008 ነው። ከ«ሙሴ ዘመቻ» እስከዚያ ስንት ዓመት እንዳለፈ አንባቢ ይቁጠር።

የምንኖርባት ከተማ ስም ራሱ ከእንዲህ ያለ ጠብ የወጣ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 የይስሐቅ ሎሌዎች ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የጌራራ እረኞች ተጣሉባቸውና ስሙ ዔሤቅ ተባለ። ሁለተኛውን ቆፈሩ፤ በዚያም ተጣሉና ስጥና ተባለ። ሦስተኛውን ቆፈሩ፤ በዚህ የተጣላ አልነበረምና ርኆቦት ተባለ፣ ስፋት ማለት ነው። ይስሐቅ አልተዋጋም፤ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቆፈረ። በድራማው ውስጥ የይስሐቅን መንገድ የሚሞክር አንድ ሰው አለ፤ ስሙ ሞንቲ ነው። በምድር ላይ የቀረው አረንጓዴ ስፍራ አንድ ሸለቆ ብቻ ነው፤ በእሱም ላይ ከጠፈር የተመለሱ እስረኞች ቀድመው ሰፍረውበታል። ሞንቲ «ሳንዋጋ በመጠለያው ውስጥ የውሃ አረም እያበቀልን እንኑር» ይላል። ጣዕሙ መጥፎ ነው፤ ግን ማንም አይሞትም። ኦክታቪያ ሕዝቡ ወደ ኋላ እንዳይመለከት የመጠለያውን የእርሻ ክፍል ታቃጥለዋለች። በመጨረሻ ሸለቆው በቦምብ ይጠፋል፤ ለማንም አይሆንም። እናቶቹ በዚህ ላይ ዝም አሉ። አንደኛዋ ብቻ «እሷ ጉድጓዱን ደፈነችው» አለች፤ ከዚያ የተሻለ ትችት እኛ አልጻፍንም።

ለሐቁ ግን፣ ስፋት የተባለችው ከተማም ከጠብ አላመለጠችም። በ1890 ከፖላንድ የመጡ አይሁድ መሠረቷት፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከየመን የመጡት ደግሞ በዳር፣ በሻዓራይም ሰፈር፣ የወይን እርሻ ሠራተኞች ሆነው ተቀመጡ። በ1913 የወይን ጭራሮ የለቀሙ የየመን ሴቶች በአንድ የእርሻ ባለቤት ተደበደቡ። ሌሎች የየመን ቤተሰቦች በኪኔሬት ለብዙ ዓመት ከኖሩበት መሬት በ1930 ተነሥተው ወደዚህ፣ ወደ ማርሞሬክ፣ መጡ። በዚያው በ1913 ከጎረቤት የአረቦች መንደር ከዘርኑቃ ጋር የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ሆነ፤ መንደሯ ከ1948 በኋላ የለችም፣ ስሟ ግን በከተማችን አንድ ሰፈር ላይ ቀርቷል። ይህን የምንጽፈው ቁስል ለመነካካት አይደለም። አዲስ የመጡ ቤተሰቦች «እኛ ስንመጣ ብቻ ነው ጠብ የተጀመረው» ብለው እንዳያስቡ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ሙከራ በሳንክተም ነው፤ ሌላ ዓለም ላይ ያለች አንዲት ከተማ ናት። በሰባተኛው ምዕራፍ አራት ወገኖች በአንድ ግቢ ውስጥ ይጨናነቃሉ። አንደኛ፣ ገዢዎቻቸውን እንደ አማልክት ያመልኩ የነበሩ የከተማዋ ነባር ሰዎች፤ ሁለተኛ፣ ዎንክሩ፤ ሦስተኛ፣ ከእስር የተፈቱት፤ አራተኛ፣ «የገብርኤል ልጆች» የሚባሉት። እነዚህ አራተኞቹ በሕፃንነታቸው ደማቸው ለገዢዎቹ አይሆንም ተብለው ጫካ የተጣሉ፣ እዚያም በሌሎች እጅ ያደጉ ናቸው። እናቶቻቸውና አባቶቻቸው በከተማዋ ውስጥ በሕይወት አሉ። አሁን ሁሉም በአንድ አደባባይ ያልፋሉ፤ አንዱ ሌላውን ያውቀዋል፣ ደግሞ አያውቀውም።

እዚህ ላይ ኤሞሪ የምትባል ሴት ትነሣለች። ኤሞሪ ከምድሮቹ ነገዶች የተወለደች ናት፤ አንድ እጇ የተለየ ሆኖ ስለ ተፈጠረ የገዛ ወገኖቿ በልጅነቷ አባረዋታል። የጦር አዛዥ አይደለችም። ያሰበችው ነገር ቀላል ነው፤ የተጣሉትን ልጆችና ወላጆቻቸውን ፊት ለፊት ማገናኘት። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ እምቢ ያለው አባት ምን ይባል የሚለውን ታስባለች። ይህን ስናይ ከተቀመጥንበት ተነሣን። ሥራችን ይኸው ነውና! በ100 ክፍሎች ውስጥ አንድ ሰው ጦር ሳያነሣና ነጋሪት ሳያስመታ ቤት ለመሥራት ሲሞክር ያየነው እዚህ ነው።

ደራሲዎቹ ግን አልታገሡም። ግንኙነቱ ሳይሰምር ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆይ የታጠቁ ሰዎች ሌሎችን ያግታሉ፤ ሺዴዳ የተባለ የጥንት ጨካኝ ንጉሥ በሌላ ሰው አካል ገብቶ ይመለስና ተንበርከኩ ይላል፤ አልንበረከክም ያሉትን ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ ያ አባትና ያ ልጅ ምን እንደ ተባባሉ የሚጠይቅ የለም። ደራሲዎቹ ተመልካቹ ይሰለቻል ብለው ፈርተው ይሆናል። እኛ ግን የምንለው ይህ ነው፤ በዚህ ድራማ ውስጥ ሰዎች አንድ የሚሆኑት ሁልጊዜ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ነው፤ የሚያስፈራው ሲያልፍ የተሠራ ነገር አይገኝም።

በእኛ ሕንፃ መጠለያ የሆነውን እንንገርና አንባቢ ያወዳድር። ከጁን በፊት ክፍሏ በዕቃ የተሞላች ነበረች፤ የማይሠራ ማቀዝቀዣ፣ ብስክሌቶች፣ የአንድ ነባር ቤተሰብ ካርቶኖች። ቁልፉ በቫድ ባይት፣ ማለትም በነዋሪዎች ኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ ነው፤ ሰውየው ከሩሲያ የመጡ ጡረተኛ ናቸው። በመጀመሪያው ሌሊት ከአራተኛ ፎቅ ያሉት ቤተሰብ ዘግይተው ደረሱ። ከጎንደር የመጡት በ«ጹር ይስራኤል» ዘመቻ ነው፤ አምስት ልጆችና አንዲት መራመድ የሚቸግራቸው እናት አሏቸው። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አንኳኩ። ከውስጥ «ሞልቷል» የሚል ድምፅ ወጣ። ድምፁ በአማርኛ ነበር።

በሩን ከፈትን፤ ገቡ። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ሰብሳቢው ብቻ በሩሲያኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። «ሞልቷል» ያለውን ሰው እናውቀዋለን። ወላጆቹ በሱዳን በእግራቸው ያለፉ፣ በዚያ መንገድ እህቱን የቀበሩ ናቸው። በሌላ ቀን ስለ አዲሶቹ ሲናገር «እኛ በእግራችን፣ እነሱ በአውሮፕላን» ይል ነበር። አዲሶቹም የራሳቸው መልስ አላቸው፤ «እናንተ ሄዳችሁ፤ እኛ በጎንደር ሃያ ዓመት በር ላይ ቆመን ጠበቅን» ይላሉ። በጠባብ መጠለያ ውስጥ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለዚህም ነው አስቸጋሪ የሆነው።

በማግስቱ ስብሰባ ተደረገ፤ ደረጃው ላይ ቆመን ነው። ስለ ሞራልም ስለ ወንድማማችነትም የተናገረ አልነበረም፤ ቢናገርም የሚሰማው አልነበረም። ክርክሩ በማቀዝቀዣው ነበር፤ ማን ያውጣው፣ ለመኪናው ማን ይክፈል። ሦስት ቀን ፈጀ። ቁልፉ ከሰብሳቢው ኪስ ወጥቶ በበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠልጠል ሲባል ሰውየው ተቆጡ፤ ለአሥር ዓመት የጠበቁት ቁልፍ ነበር። የልጆቹ አያት፣ ያቺ ስለ ኦክታቪያ የጠየቁት፣ የሄዱበት መንገድ ግን ሌላ ነው፤ በፔርሙስ ቡና ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። በምን ቋንቋ እንደ ተነጋገሩ አናውቅም። ማታ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነበር። ከዚያ የ14 ዓመቷ ልጅ በወረቀት ላይ ዝርዝር ጻፈች፤ የትኛው ልጅ የትኛውን በር አንኳኩቶ እንደሚወርድ፣ ማን ማንን ደግፎ እንደሚያወርድ፣ በዕብራይስጥ፣ በአማርኛና በሩሲያኛ። የሩሲያኛውን ሰብሳቢው አረሙላት።

«ሞልቷል» ያለው ሰው ይቅርታ አልጠየቀም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሌሊት መራመድ ለሚቸግራቸው እናት የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠላቸው፤ ወንበሩ አሁንም እዚያው ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች እስካሁን ቡና አይጠራሩም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ አንዳንድ ቀንም አይባባሉም።

ይህ ለቴሌቪዥን የማይሆን ታሪክ ነው ይባል ይሆናል። እኛ አይመስለንም። በ2017 የጀመረው የዮሲ ቫሳ «ነብሱ» ይህንኑ የወጥ ቤትና የደረጃ ነገር፣ የኢትዮጵያዊ ባልና የአሽከናዝ ሚስት ቤተሰቦችን ግጭት ይዞ አገሩን አሳቀ፤ በ2018ም በኮሜዲ ዘርፍ ዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት ወሰደ። የሰው ራስ ሳይቆረጥ ተመልካች ሊገኝ እንደሚችል ማስረጃ ነው፤ ምንም እንኳ አንዳንዱ ቀልዱ በእኛ ወላጆች ላይ ትንሽ ቢበዛም። በዚያው ዓመት የታየው «አውቶኖሚዎች» ደግሞ አገራችን በሁለት ተከፍላ፣ ቴል አቪቭ የዓለማውያን፣ ኢየሩሳሌም የሃሬዲም ሆና በመካከል ግንብ ቆሞ ያሳያል። ከ«መቶዎቹ» ይልቅ ለዚህ አገር የቀረበ ፍርሃት እሱ ነው፤ አንድ ቀን ለብቻው እንጽፍበታለን።

የ«መቶዎቹ» መጨረሻ እንዴት ሆነ ለሚሉ፣ ሁለት ሠራዊት ሊተላለቁ ሲሉ ኦክታቪያ በመካከል ገብታ መሣሪያ ታስጥላቸዋለች። ያ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅቷ ብዙ መንገድ ተጉዛለች። ከዚያ በኋላ ግን የሰው ዘር ሥጋውን ትቶ ወደ ብርሃን ይለወጣል፤ ጥቂቶች ብቻ ወደ ምድር ተመልሰው በአንድ ውሃ ዳር ይቀመጣሉ። ለእኛ ይህ ማምለጥ ነው። ጎረቤት የሌለው፣ ኪራይ የሌለው፣ ማቀዝቀዣ የማያወጣ ሰው ከማን ጋር ይጣላል? ሰባት ዓመት የጠየቁትን ጥያቄ ሳይመልሱ ጥያቄውን ያነሣውን ሥጋ አስወገዱት።

ቢሆንም እዩት እንላለን። ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ብቻቸውን እንዲያዩት አንመክርም፤ ግድያው፣ ሥቃዩና የባንከሩ ክፍል ከባድ ነው። (የ14 ዓመቷ ልጅ ይህን ስታነብ እንደምትቆጣ እናውቃለን።) ከወላጅ ጋር ከሆነ ግን ጥሩ ነው፤ ልጅ ሲተረጉም ወላጅ ይጠይቃል፣ ወላጅ ሲጠይቅ ልጅ ቆም ብሎ ያስባል። የሁለተኛውንና የአምስተኛውን ምዕራፍ ከሌሎቹ እናስበልጣለን፤ ሦስተኛው መካከሉ ላይ ይዝላል።

የመጨረሻውን ክፍል አይተን ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ልጆቹ በብርሃኑ ነገር ይከራከሩ ነበር። አያታቸው አልተከራከሩም። «ያች እጇ የተጎዳው ልጅ፣» አሉ፣ «ልጆቹን ከአባቶቻቸው ጋር ልታገናኝ የነበረችው። ከዚያስ?» የ14 ዓመቷ ልጅ «ከዚያ ወዲያ አያሳይም፣ እማማ» አለቻቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «እስቲ ያችን ቦታ መልሰሽ ክፈቺልኝ» አሉ።